ቴፑን ሶኬት ላይ ከመሰካታችን በፊት

በዛሬው ፕሮግራማችን የምንነጋገረው ስለ አንድ የቤት ዕቃ ነው። በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ፣ በሰንበቴና በአካባቢው የይፋት ቆላ ልጃቸው ወይም እህታቸው ባሕር ማዶ የሚሠሩላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከሚላከው ዕቃ መካከል ደግሞ ሪሲቨር ከነሁለት ስፒከሩ አልፎ አልፎ ይገኝበታል። ዕቃው እንደደረሰ ሁሉም ይጣደፋል፤ ካርቶኑ ሳይነሣ ስፒናው ሶኬት ውስጥ ይገባል። እኛ ግን ትንሽ ቆዩ እንላለን።

በአገራችን ሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። በሳዑዲ ዐረቢያም ቤቶች ለረጅም ዘመን 127 ቮልት ሲሠራበት ኖሯል። ስለዚህ ሪሲቨሩን ገልብጣችሁ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240» ወይም «220–240» የሚል ከሆነ አልሐምዱሊላህ፣ ሥጋት የለም። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ ከተሰካ ሊቃጠል፣ አልፎም እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የትራንስፎርመሩ ዋት ሪሲቨሩ ከሚወስደው በልጦ መገኘት አለበት። አንዳንዱ ዕቃ ከጀርባው ቮልት መምረጫ አለው፤ ያን ጊዜ ሳይሰካ በፊት ወደ 220 ማዞር ይበቃል። ስታቢላይዘር ግን ለዚህ አይሆንም። የእርሱ ሥራ ከፍ ዝቅ የሚለውን 220 ማረጋጋት ነው።

ቀጥሎ የስፒከሩ ሽቦ ነው። በሪሲቨሩም በስፒከሩም ጀርባ ቀይና ጥቁር መግቢያ አለ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ማገናኘት ነው። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጠ ዕቃው አይበላሽም። ነገር ግን አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ የቃሪኡም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የተላጡት ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ከተነካኩ ግን ሪሲቨሩን ሊያበላሹት ይችላሉ። በስፒከሩ ላይ የተጻፈውን ኦምም ተመልከቱ። 8 ኦም የሚጠይቅ ሪሲቨር ላይ 4 ኦም ስፒከር ብትሰኩበት ይግላል፤ በእኛ ቆላ ደግሞ ሙቀት ሳይጨመርበትም ይበቃዋል።

ስለ ሙቀት ካነሣን፣ እናቶቻችንና እህቶቻችን ቅር እንዳይላቸው እንጂ፣ ዳንቴሉን ቴፑ ሲሠራ አንሡለት። ሪሲቨር ሙቀቱን የሚያወጣው በላይኛው ቀዳዳ ነው፤ ከላዩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ዳንቴሉ ይመለስ፤ ከአቧራ ይጠብቀዋል። ስፒከሮቹ ደግሞ ግድግዳ ጥግ ከሚወተፉ ተራርቀው፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ በሚደርስበት ከፍታ ቢሆኑ ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል። ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር መቀነስ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ይኸው የተሰነጠቀ ድምፅ ነው፤ ጎረቤትም ሐቅ አለው።

አሁን ወደ ጣቢያዎቹ እንምጣ። «የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ለምን አይገባልንም?» ብሎ ሪሲቨሩን የሚወቅስ አለ። ጥፋቱ የሪሲቨሩ አይደለም። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ተራራ ከጋረደው አያልፍም። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በመካከሉ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ጣርማ በር ቆሟል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር እየነጠረ ስለሚመለስ ተራራውን ይዘላል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ለአገራችን አድማጭ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ የቤት ሪሲቨሮች አጭር ሞገድ የላቸውም። የአሜሪካዎቹ ደግሞ መካከለኛውን ሞገድ በ10 ኪሎኸርዝ እየዘለሉ ይፈልጋሉ፤ እኛ ዘንድ ጣቢያዎች የተደረደሩት በ9 ነው፤ ስለዚህ ያልፏቸዋል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ኢንተርኔት ነው። ውድ ሪሲቨር አያስፈልግም። በሞባይላችሁ ጣቢያውን ከፍታችሁ፣ አንድ ጫፉ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚገባ፣ ሌላው ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነ ገመድ «ኦክስ» በሚለው መግቢያ ላይ ትሰካላችሁ። «ፎኖ» የሚለው የሸክላ ማጫወቻ ነው፤ እዚያ ከተሰካ ድምፁ ይበላሻል። የሞባይሉን ድምፅ ወደ ሦስት አራተኛ አድርጋችሁ ቀሪውን በሪሲቨሩ ቁልፍ አስተካክሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የካይሮ የቁርኣን ሬዲዮ እንኳ ዛሬ በዚህ መንገድ ያለ ፉጨት ይሰማል።

ወጪውን አስቀድሞ ማስላት ደግ ነው። በ64 ኪሎቢት የሚተላለፍ ጣቢያ በሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይበላል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ቢደመጥ በወር 1.7 ጊጋባይት ገደማ ነው። በ128 የሚተላለፈው እጥፉን ይወስዳል። ለንግግርና ለቂርኣት 64ቱ ከበቂ በላይ ነው።

ይሁን እንጂ አሮጌዋን ባለ ባትሪ ሬዲዮ አትጣሏት። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ከዚያ በፊትም፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም፣ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ነበር። መብራትና ኔትወርክ አብረው ሲጠፉ ዜና የሚያመጣው በሁለት ድንጋይ የሚሠራው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ በኢንተርኔት ሬዲዮ አዛን አትጹሙ፣ አታፍጥሩም። ድምፁ በመንገድ ላይ እየተጠራቀመ ስለሚመጣ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። በዚያ ላይ ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከአንድ ዲግሪ በላይ ፈቀቅ ያለች ናት፤ ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ይቆጠራል። ንጋቱ እኛ ዘንድ ይቀድማል። የአዲስ አበባን የፈጅር አዛን እየጠበቀ ሱሑር የሚበላ ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ሊጎርስ ይችላል።

የመካው ደግሞ የባሰ ያሳስታል። መካና ሸዋ ሮቢት በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም፤ የሰዓት አቆጣጠራቸውም አንድ ነው፤ ዙህር ይገጣጠማል። መካ ግን ወደ ሰሜን ስለራቀች በታኅሣሥ ፀሐይ እዚያ ከእኛ 20 ደቂቃ ገደማ ቀድማ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ያንኑ ያህል ትዘገያለች። በመጪዎቹ ጥቂት ዓመታት ረመዳን የሚውለው በየካቲት፣ በጥርና በታኅሣሥ ነው። በነዚህ ወራት የመካን መግሪብ ሰምቶ ተምር ያነሣ ሰው የእኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈጠረ ማለት ነው። የሰፈራችሁ ሙአዚን እስኪጠራ ድረስ ሪሲቨሩን ዝቅ አድርጋችሁ በሩን ክፈቱ።