ክትፎን በአገሩ፤ ጉዞ ወደ ጉብሬ

አንድ መጠጥ አገር ካስጎበኘ፥ አንድ ገበታ ምን ያንሰዋል?

ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሩቅ አገር የሚሄደው ብዙ ጊዜ ደብር ለመሳለም፥ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ፍል ውሃ ለመታጠብ ነው። አንድ ብርጭቆ መጠጥ ለመቅመስ ብሎ ሻንጣ የሚያነሣ ሰው ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን ዓለም ከዚህ ደርሷል። በአሜሪካ አገር፥ በኬንታኪ ክፍለ ግዛት፥ በየዓመቱ ብዙ ጎብኚዎች የሚጎርፉት ቡርቦን የሚባለውን ውስኪ በስመ ጥር አገሩ ለመቅመስ ነው። በዚያ በመጠጡ ስም ያጌጡ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ግድግዳቸው በበርሜል ጣውላ ይለበጣል፤ ሥጋቸው በውስኪው ይታሻል። አንዳንዱም ቤት አባል ላልሆነ ሰው የማይከፈት ክበብ አለው።

ይህን ያነሣነው ውስኪን ለማወደስ አይደለም። የአንድ ጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ የውጭ አገር ውስኪ ገዝቶ ወሩን እንደማይዘልቅ እርስዎም እኛም እናውቃለን። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ኬንታኪዎች በአንድ መጠጥ ያደረጉትን እኛ በአንድ ገበታ ልናደርገው የምንችልበት ስፍራ በደጃችን አለ። ስፍራው የጉራጌ አገር ነው፤ የጉዟችንም መድረሻ ጉብሬ ናት።

የቡርቦን ቤት ምሥጢር

ቡርቦን ማንም እንደ ወደደ የሚያወጣው መጠጥ አይደለም፤ ሕግ አለው። ከሚጠመቀው እህል ከመቶ ቢያንስ 51 እጁ በቆሎ መሆን አለበት። የሚቀመጠው ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ፥ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ በርሜል ነው። ቀለምም ማጣፈጫም አይጨመርበትም። «ስትሬት» የሚባለውን ማዕረግ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት በበርሜሉ ውስጥ መተኛት ይገባዋል። በዚህ ጊዜ ከመጠጡ ጥቂቱ እየተነነ ይጠፋል፤ ባለሙያዎቹም የጠፋውን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 የአሜሪካ ምክር ቤት ቡርቦን የአገሩ ልዩ ምርት መሆኑን በውሳኔ አሳወቀ። በ1999 ደግሞ የኬንታኪ ውስኪ አውጪዎች ማኅበር ፋብሪካዎቹን በአንድ የጉብኝት መንገድ አያይዞ ለመንገደኛ ከፈተ። እንግዳው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረ ጥንስሱን ያያል፥ በርሜሉን ይዳስሳል፥ በመጨረሻም ከገበታው ይቀመጣል። ለመጠጡ ብሎ መጣ፤ ነገር ግን አገሩን አይቶ ይመለሳል።

ክበቡም ሥርዓት አለው። አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሙሉ በርሜል ይመርጣሉ፤ ከተቀዳ በኋላም ጠርሙሱን ይካፈላሉ። ውድ አንባቢ፥ ይህን ሲሰሙ የበዓል ቅርጫ ትዝ አላለዎትም? በሬው በበርሜል ተተካ እንጂ ነገሩስ ያው ነው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ይወጣሉ። ዓለም ገናንና ሰበታን፥ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፈው 158 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ወልቂጤ ይገባሉ። ከዚያ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ታጥፈው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀጥሉ ጉብሬ ደረሱ ማለት ነው። ማልዶ ለተነሣ ሰው ለምሳ የሚደረስበት ነው።

ጉብሬን ተማሪ የሆነ አንባቢያችን በስሟ ሳያውቃት አይቀርም፤ በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚያ ነው። ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ወጣት ይማርባታል። ነገር ግን ብዙው ተማሪ ዓመታት ኖሮባት ሲመረቅ የሚያስታውሳት በመኝታ ክፍሉና በፈተናው ብቻ ሊሆን ይችላል። የአገሩን ገበታ ሳይቀምስ፥ የአገሩን ቀዬ ሳያይ ቢመለስ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ባለአገሩም እንግዳውን አጣ ማለት ነው።

ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ጀፎረ የሚባለውን ያያሉ። ጀፎረ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የተዘረጋ፥ ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር መንገድ ነው። ሠርጉ፥ ለቅሶው፥ ሸንጎው፥ የልጆች ጨዋታው ሁሉ በዚያ ይሆናል። ማንም ከድንበሩ አልፎ አጥር እንዳያጥርበት ያገሩ ሕግ ይጠብቀዋል። ከቤቶቹ ኋላ ደግሞ የእንሰቱ ጓሮ ይታያል፤ ቅጠሉ ሰፊ፥ ጥላው ከባድ ነው። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ገበታው

ክትፎን ሁሉም ያውቀዋል፤ በአገሩ መብላት ግን ሌላ ነው። ጅማትና ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ተመርጦ በቢላዋ እስኪልም ይከተፋል። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ለብ ተደርጎ ይፈስበታል፤ ሚጥሚጣው ይከተላል። ከጎኑ አይብና ጎመን ይቀርባል። በእንሰት ቅጠል ላይ ወይም በጣባ ተደርጎ ይመጣል፤ የሚበላውም በቀንድ ማንኪያ ነው። ጥሬውን፥ ለብ ለብ ያለውን ወይም የበሰለውን መምረጥ የእንግዳው ፈንታ ነው፤ ይሁን እንጂ ኮሶን የሚፈራ ሰው የበሰለውን ቢያዝ ማንም አይስቅበትም።

ጉራጌ «ውሳ» የሚለው ቆጮ ግን የበለጠ ሊከበር ይገባዋል። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ተካዩና አዛዋሪው ወንዱ ነው፤ ፋቂዋ፥ ጨማቂዋና ጋጋሪዋ ሴቲቱ ናት። የተፋቀው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላል፤ ወራት ሊቆይ፥ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ይፍረዱ፤ ኬንታኪው ውስኪውን በበርሜል ዓመታት አስተኝቶ ለዓለም ሲያወራ፥ የጉራጌ ሴት ያንኑ ትዕግሥት በጓሮዋ ጉድጓድ ስትሠራው ኖራለች። የጎደለው ለእንግዳ የሚያስረዳ ሰው ብቻ ነው።

መጠጡስ? በጉራጌ አገር ኦርቶዶክሱም፥ ሙስሊሙም፥ ካቶሊኩም፥ ፕሮቴስታንቱም በጉርብትና ስለሚኖር፥ ሁሉን በአንድነት የሚያስቀምጠው መጠጥ ቡና ነው። ቅቤና ጨው የገባበትን ቡና ያልቀመሰ እንግዳ በመጀመሪያ ፊቱን ያጨፈግግ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ስኒ ግን ራሱ ይጠይቃል። ስለ ሥጋው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ዕርድ የተለያየ ስለሆነ፥ ከባልንጀሮችዎ ጋር ሲሄዱ ቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው።

የቅቤ ክበብ

ክበብ የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣ የሚመስለው አይጠፋም። በአዲስ አበባ ጣሊያኖች ዩቬንቱስን፥ አርመኖች አራራትን አቁመው የወገናቸውን ምግብና ጨዋታ ይዘው ኖረዋል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በጉራጌና በአካባቢው ሴቶች ዘንድ ዊጆ የሚባል ማኅበር አለ። አባላቱ በተወሰነ ቀን የተወሰነ ቅቤ ወይም ወተት ያዋጣሉ፤ ባለተራዋም ሁሉንም ትወስዳለች። አንዲት ላም ያላት ሴት በቀን ጭልፋ የማይሞላውን ቅቤ፥ በተራዋ ቀን በማሰሮ ታገኛለች። በክትፎው ላይ ያን ያህል ቅቤ የሚፈሰው ከየት መጥቶ ነው ቢሉ፥ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

ወንዱም ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ ዕቁብ ይጥላል። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ የሚውሉት ቀናት የየራሳቸው ስምና ምግብ አላቸው፤ የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ፥ የዕርዱም ቀን አለ። በአዲስ አበባና በሌላው ከተማ የሚነግደው፥ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግለው፥ ሊስትሮው ሳይቀር ወደ አባቱ ቤት ይገባል። ኬንታኪ እንግዳ ለመጥራት ብዙ ደክማለች፤ የጉራጌ አገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ማስታወቂያ ይሞላል።

የአባልነት ኃይል በቅቤና በሥጋ ብቻም አልቀረም። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከመንግሥትም ጋር ተረዳድተው በአገራቸው መንገድ አስቀደዱ። እንግዲህ መዋጮ ማለት ይህን ያህል ሊያደርስ ይችላል።

የሚያሠጋው ነገር

ይህ ሁሉ ሀብት ሳለ ክትፎ ዝናውን ያተረፈው በትውልድ አገሩ ሳይሆን በአዲስ አበባ ነው። ቤቱን የከፈቱት ብዙዎቹ የጉራጌ ልጆች ናቸው፤ በሥራቸውም ይኩራሩ። ነገር ግን ስሙ ከተማ ሲገባ ጓሮው ኋላ ቀርቷል። ልጆቿ በሙሉ ወደ ከተማ የሄዱባት እናት የፍቂያውን ሙያ ለማን ታስተምር?

ሌላም ጠላት አለ። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 በኢትዮጵያ ተጠንቶ ለሳይንስ ዓለም ተገለጠ። መንሥኤው ባክቴሪያ ነው። መሐል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል፤ ተክሉም ይሞታል። ፈውስ የሚሆን መድኃኒት የለውም። ከተክል ወደ ተክል በይበልጥ የሚዛመተው በመቁረጫ መሣሪያ ስለሆነ፥ ቢላዋውን በእሳት ማጋል፥ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፥ ከብትም እንዳይበላው መከልከል የታወቀው መከላከያ ነው። አምስት ዓመት የተጠበቀ እንሰት በጥቂት ሳምንት ሲጠፋ ማየት ለቤተ ሰቡ ምን እንደሆነ ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስቸግርም፤ የአምስት ዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን እንደ መዘረፍ ያለ ነው።

ስለዚህ በጉራጌ አገር ስሙን የሚያስጠራ ቤት የሚከፍት ሰው ቢነሣ፥ ግድግዳውን ከማስጌጡ በፊት ሕጉን ቢጽፍ መልካም ነው፤ ቆጮው ከአካባቢው ሴቶች ጓሮ፥ ቅቤው ከዊጆ፥ ጣባውና ማንኪያው ከአገሩ እጅ ይሁን። ቡርቦንን ያስከበረው በርሜሉ ሳይሆን ደንቡ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ለእንግዳው ምሳ፥ ለገበሬዋ ገበያ፥ ለእንሰቱም ጠባቂ ይሆናል።

ለመሄድ ያሰቡ እንደሆነ

እስከዚያው ድረስ እርስዎ ምን ያድርጉ? በመሥሪያ ቤትዎ ወይም በክፍልዎ ስምንት አሥር ሆነው ትንሽ የመንገድ ዕቁብ ይጀምሩ። ክፍያው በጣም ያነሰው አባል የሚችለው ይሁን፤ አንዱን ያሳፈረ መዋጮ ማኅበር አይሆንም። ቀኑን ቅዳሜ ወይም እሑድ ያድርጉት፤ ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾምም ቢሄዱ ጿሚ ባልንጀራዎ ጎመንና ቆጮ ይዞ እርስዎን ሲያይ ይውላል። የክረምቱ ዝናብ ካለፈ በኋላ ያለው ወራት ለእግር ጉዞ የተሻለ ነው። በመስቀል ሰሞን ግን ባለአገር ወዳጅ ካልጋበዘዎ በስተቀር ባይሄዱ ይመረጣል፤ ያ ጊዜ የቤተ ሰብ ነው።

ሲደርሱ በልተው ብቻ አይመለሱ። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የአገሩ ተወላጅ የሆነ ቢያገኙ ጀፎረውን እንዲያሳይዎ ይለምኑ። ወደ ሰው ጓሮ ሲገቡ አስፈቅደው ይግቡ፤ እንሰት በእጅዎ አይቁረጡ፥ ቢላዋም ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው አያጋቡ። ውሳውን የጋገረችውን እናት ስንት ዓመት የቆየ እንሰት እንደሆነ ይጠይቋት። ይህን ጥያቄ ከከተማ ሰው አዘውትራ አትሰማም፤ ተደስታ ትነግርዎታለች። የጠየቀችዎንም ሒሳብ ሳይከራከሩ ይክፈሉ፤ በዋጋው ውስጥ የብዙ ዓመት ድካም አለበትና።