የመሥሪያ ቤት ለቅሶ

ባልደረባ ሲሞት ከመሥሪያ ቤቱ የሚጠበቀው ለቅሶ መድረስ ነው። ዛሬ ዛሬ ወሬው ቀድሞ የሚሰማው በቴሌግራም ነው፤ አንዱ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ሌላው ይደግመዋል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ገጹ በዚሁ ቃል ይሞላል። ለቅሶ መድረስ ግን ይህ አይደለም፤ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ድንኳን ገብቶ የተቀመጠውን ሰው ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛው ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመዱ የሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቀድለታል። ይህ ፈቃድ ባልደረባን አይጨምርም። ስለዚህ ለቀብር ሰርቪሱ የሚወጣው በአለቃ ፈቃድ ነው፤ ያልደረሰው ለሠልስት ወይም ከሥራ መልስ ይሄዳል። ሟች ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ስለሚፈጸም ጊዜ የለም፤ እዚያ የሚባለውም «አላህ ይዘንለት» ነው።

የመሥሪያ ቤት ሰዎች ተያይዘው ይገባሉ፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ንፍሮው ይዞራል። ጥቂት ዝም ተብሎ ከተቆየ በኋላ በዕድሜ ወይም በኃላፊነት ከፍ ያለው ስለ ሟች ይናገራል። «ታታሪና ምስጉን ሠራተኛ ነበር» ብሎ መቀመጥ ከምስክር ወረቀት እንደማንበብ ነው። ሒሳብ አልዘጋ ብሏት የተጨነቀችን ጀማሪ ገንዘብ ያዥ አምሽቶ ያግዛት እንደነበረ፣ ለጥበቃው ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይዞለት ይመጣ እንደነበረ መንገር ግን ሌላ ነው። ቤተሰቡ የሚያውቀው ማታ ቤት የሚገባውን ሰው ነው፤ የቀን ውሎውን የሚያውቁት ባልደረቦቹ ናቸው። «ምን ነካው?» ብሎ አሟሟቱን መጠየቅ አይገባም፤ ቤተሰቡ ሲጠየቅ የዋለው ይህንኑ ነው። ሲነሡ «እግዜር ያጽናችሁ» ይበቃል።

የመሥሪያ ቤት እድር ካለ በደንቡ መሠረት ይከፍላል፤ ከሌለ የመዋጮ ወረቀት ይዞራል። አለቃው ከላይ 1000 ብር ብሎ ከፈረመ የጽዳት ሠራተኛዋ እስክሪብቶው ሲደርሳት ትጨነቃለች። መጠኑ የማይጻፍበት ፖስታ ይሻላል። የተሰበሰበውም ለቅርብ ዘመድ ቀስ ብሎ በእጅ ይሰጣል።

ድንኳኑ ሲፈርስ የወረቀቱ ጣጣ ይመጣል፤ ይህን ደግሞ እድርም ጎረቤትም ሊያግዝ አይችልም። ያልተከፈለ ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ለወራሾች ነው፤ መብቱ ሲኖር የተተኪዎች ጡረታ አለ፣ ለሚስት ወይም ለባል የሚታሰበውም የሟች አበል 50 በመቶ ነው። ለዚህ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የወራሽነት የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠየቃል። በሐዘን ላይ ያለች ሴት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው «ነገ ነይ» እየተባለች እንዳትንከራተት ከሰው ሀብት ክፍል አንድ ሰው ተመድቦ ፋይሉን ይዞ ቢከታተልላት ከአበባ ጉንጉን ይበልጣል። ወንበሩ ላይ የቀረው ኮትና መሳቢያው ውስጥ ያለው መነጽርም በሾፌር የሚላክ ዕቃ አይደለም። አጠገቡ ይቀመጥ የነበረው ሰው ከአርባው በፊት ራሱ ይዞ ይሄዳል።