የጠረጴዛ ራውተር ወይስ ሼፐር?
የእንጨት ሥራ የምናስተምር መምህራን መሣሪያ እንዲገዛልን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያከራክረን አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም የጠረጴዛ ራውተር ይሻላል ወይስ ሼፐር የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሼፐር ስንል በብረታ ብረት ክፍል ያለውን ብረት መላጊያ ማለታችን አይደለም።

የሁለቱ ሥራ ተመሳሳይ ነው። መቁረጫው ከጠረጴዛው በላይ ብቅ ብሎ ይሽከረከራል፤ እንጨቱ መምሪያውን ተደግፎ ሲገፋ ጠርዙ ቅርጽ ይይዛል፤ ወይም ቦይ ይወጣለታል። ራውተር ግን የእጅ መሣሪያ ሆኖ ከጠረጴዛ ሥር ተገልብጦ የሚታሠር ነው። መቁረጫዎቹ 6፣ 8 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እግር አላቸው፤ በደቂቃም እስከ 24,000 ዙር ያህል ይዞራሉ። የሼፐር መቁረጫ ግን ወፍራም ዘንግ ላይ ይጠለቃል፤ ፍጥነቱም ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 10,000 ዙር ነው።

ታዲያ ዝግ ብሎ የሚዞረው ሼፐር ለከባድ ሥራ የሚመረጠው ስለምንድን ነው? ተማሪዎች ይህን በሒሳብ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። የስለቱን ፍጥነት ለማግኘት 3.14ን በመቁረጫው ዲያሜትርና በዙሩ ብዛት እናባዛለን። 20 ሚሊ ሜትር መቁረጫ በ20,000 ዙር ሲሠራ ስለቱ በሴኮንድ 21 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይኸው መቁረጫ በ7,000 ዙር ቢሠራ ግን 7 ሜትር ብቻ ስለሚሆን ጠርዙን ሻካራ ያደርገዋል። በሌላ በኩል 120 ሚሊ ሜትር የሆነ የሼፐር መቁረጫ በ7,000 ዙር 44 ሜትር ስለሚሄድ አጥርቶ ይቆርጣል።

አደጋው ያለው ሰፊ መቁረጫ በራውተር ላይ ሲገባ ነው። 80 ሚሊ ሜትር መቁረጫ በ20,000 ዙር በሴኮንድ 84 ሜትር፣ ማለት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እኛም አንድ ጊዜ ፍጥነቱን ሳንቀንስ በእንዲህ ያለ መቁረጫ ስንሠራ የዋንዛው ጣውላ ተፈናጥሮ በአንድ ተማሪ ክንድ አጠገብ አለፈ። ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእኛ ነበር። ዙሩን ወደ 10,000 ዝቅ ማድረግ ይገባን ነበር።

ስለዚህ ምርጫው በሥራው ዓይነት ይወሰናል። ተማሪዎች እየተፈራረቁ ሣጥን፣ መሳቢያና የሥዕል ክፈፍ ለሚሠሩበት ክፍል የጠረጴዛ ራውተር ይበቃል። በርና መስኮት በብዛት የሚሠራ ከሆነ ግን ሼፐር ያስፈልጋል። ሆኖም ትልልቆቹ ሼፐሮች ስሪ ፌዝ መሥመር ስለሚፈልጉ መሥመሩ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

የትኛውም ቢመረጥ የሚከተሉት መዘንጋት የለባቸውም፦

1. እንጨቱ መቁረጫው ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይገፋ።
2. እንጨት በመምሪያውና በመቁረጫው መካከል አይግባ።
3. አጫጭር ቁራጭ በባዶ እጅ አይገፋ፤ መግፊያ እንጨት ይያዝ።
4. መቁረጫ ሲለወጥ ኃይሉ ከምንጩ ይቋረጥ።

በእኛ አስተያየት አንድ ትምህርት ቤት በራውተር ቢጀምር፣ በሚተርፈው ገንዘብም ጥሩ መቁረጫዎችና የእጅ መከላከያ ቢገዛ ይሻላል። ሼፐሩ መምህሩ በሚገባ ከሠለጠነበት በኋላ ይደርሳል።