የዕረፍት ቤት ማዕድ ቤት ሲታደስ፡- ከአሮጌው የሚቀረውና የሚነሣው

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቢሾፍቱ፣ በእሳተ ገሞራ አፎች ውስጥ በተፈጠሩት ሐይቆቿ የተነሣ የመዲናዋ ነዋሪዎች የሳምንቱን መጨረሻ የሚያሳልፉባት ከተማ ሆና ኖራለች። በሐይቆቿ ዙሪያ ከ1966ቱ አብዮት በፊት ለዕረፍት የተሠሩ ቤቶችም ይገኛሉ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው በመደንገጉ፣ ሁለተኛ ቤት የነበሩት ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጥተው ከአንዱ ነዋሪ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ቆይተዋል። የእንዲህ ዓይነቱ ቤት ግድግዳና በር የአንድ ዘመን ሳይሆን የብዙ ዓመታት ቀለም የተደራረበበት መሆኑ አያስገርምም።

በአሁኑ ወቅት አሮጌ የዕረፍት ቤት የሚያድስ ሰው ብዙውን ጊዜ ከማዕድ ቤቱ ይጀምራል። ዕረፍቱ ራሱ በአብዛኛው ተሰባስቦ ወጥ መሥራትና ቡና ማፍላት በመሆኑ ምርጫው ተገቢ ነው። የሚፈለገው መልክም ይታወቃል። በከተማው ቤት ነጭ ሴራሚክና አልሙኒየም ሞልቷል፤ እዚህ የሚፈለገው የእርድ፣ የበርበሬ ወይም የሸክላ መልክ ያለው ግድግዳ፣ አሮጌ ቡፌ፣ ከአያት የተረፈ ድስትና ጀበና ነው። ይሁን እንጂ ካረጀው ሁሉ ሊቀር የሚገባው አለ፤ ሳይውል ሳያድር መነሣት ያለበትም አለ። ሁለቱን ሳይለዩ ሥራ መጀመር ለቤተሰብ ጤና አደገኛ ነው።

የሞቀው ቀለምና ሊድ

ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለም ለመሥራት በዓለም ዙሪያ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ሊድ ክሮሜት የተባለው ውሁድ ነው። በአማርኛ እርሳስ የሚባለው ይህ ብረት በነጭ ቀለምና ቀለሙን ቶሎ በሚያደርቁ ማጣፈጫዎች ውስጥም ሲጨመር ኖሯል። ስለሆነም ባለቤቱ ለማዕድ ቤቱ የሚመኛቸው የሞቁ ቀለሞች፣ በአሮጌ በርና መስኮት ላይ ተቀብተው ሲገኙ፣ ከሌሎች ሁሉ ይበልጥ የሚያጠራጥሩት እነርሱ ናቸው።

ሊድ በሰውነት ውስጥ የሚከማች መርዝ ሲሆን ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው በሕፃናት አእምሮ ዕድገት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያስከትልም ተብሎ የሚታወቅ መጠን እንደሌለው ይገልጻል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ በክብደት ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ የሚመለከተው የሚመረተውንና የሚሸጠውን ቀለም ነው። ከ50 ዓመት በፊት የተቀባ በር በየትኛውም ደንብ አይጸዳም።

ቀለሙ ሳይላጥና ሳይፈገፈግ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ እስካለ ድረስ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። አደጋው የሚነሣው ለእድሳት ተብሎ በደረቅ የብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ወይም በእሳት ነበልባል ሲቃጠል ነው። በዚያን ጊዜ በዓይን የማይታይ ብናኝና ጢስ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል፤ ብናኙ ወለል ላይ ያርፋል፤ እየዳኸ የሚጫወት ሕፃን ደግሞ እጁን ወደ አፉ ያስገባል። በዓይን ዓይቶ ሊድ ያለበትን ከሌለበት መለየት ስለማይቻል ያረጀ የዘይት ቀለም ሁሉ ሊድ እንዳለበት ተቆጥሮ ሊሠራ ይገባል። ጤናማው ቦታ ሳይነካ በአዲስ ቀለም ይሸፈናል፤ የተላጠው ብቻ በውኃ እየራሰ ይፋቃል፤ ፍቅፋቂው በላስቲክ ተሰብስቦ ይታሰራል እንጂ በግቢው ወይም በሐይቁ ዳር አይደፋም። በመጥረጊያ መጥረግ ብናኙን መልሶ ስለሚያስነሣ ወለሉ የሚጸዳው በእርጥብ ጨርቅ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ከቤቱ መራቅ አለባቸው። ቀለም ቀቢዎቹም በሥራ ልብሳቸው ወደየቤታቸው ቢሄዱ መርዙን ለልጆቻቸው ይዘው እንደሚሄዱ ሊነገራቸው ይገባል፤ ይህ በአሠሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው።

ኖራና ቀይ አፈር

ያንኑ የሞቀ መልክ ያለ ሊድ ማግኘት ይቻላል። ቢጫና ቀይ አፈር ቀለሙን የሚያገኘው ከኦክሲጅን ጋር ከተዋሐደ ብረት ነው። በቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት ኮረብቶች እየተቆፈረ ለግንባታ የሚጫነው ሬድ አሽ መቅላቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህ የቀለም ዓይነት ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ ከኖራ ጋርም ይስማማል።

ኖራ በተለይ ለጭቃ ግድግዳ ተስማሚ ነው። ከባሕር ዛፍ፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ግድግዳ በዝናብ ወራት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይለቃል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ልስኑም ከግድግዳው ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቅና ገበታ በሚያህል ስፋት እየተገነጠለ ይወድቃል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ የሲሚንቶውን መጠን ጨምረው ደግመው ያስለስናሉ፤ ውጤቱ ሁለተኛ ወጪ ብቻ ነው። የጭቃ ግድግዳ በጭቃና ጭድ ተጠግኖ በኖራ ቢቀባ ይተነፍሳል፤ ኖራ በባሕርይው ሻጋታን ስለሚከላከልም ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ ለሚሰነብት ቤት ይመረጣል።

አሠራሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ያልበረደ ኖራ ከውኃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ስለሚፈላ፣ ዓይንና እጅ ተሸፍኖ፣ ኖራው ጥቂት በጥቂት ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በኖራው ላይ አይፈስም። የአፈር ቀለሙ ከኖራው ክብደት ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ ከዚያ ከበለጠ ሲደርቅ በእጅና በልብስ ላይ ይራገፋል። ግድግዳው ቀድሞ ይረጥባል፤ ቅቡ እንደ ወተት ቀጥኖ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደጋገማል። የዘይት ወይም የፕላስቲክ ቀለም ባለበት ግድግዳ ላይ ኖራ አይዝም። ከእቃ ማጠቢያውና ከምድጃው ጀርባም ቅባትና ውኃ ስለማይችል፣ በዚያ በኩል ሴራሚክ ወይም ባለ ጌጥ የሲሚንቶ ንጣፍ መለጠፍ ግድ ነው።

የሞቀ ቀለም ከቆየ ዕቃ ጋር እንዴት እንደሚዋሐድ ለማየት ከሐረር ቤት የተሻለ አስተማሪ በአገር ውስጥ ማግኘት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ በተመዘገበው የሐረር ጀጎል ውስጥ የሚገኘው ባህላዊ ቤት ነጭ ግድግዳና ደማቅ ቀይ መደብ አለው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማሰብ መሆኑ ይነገራል። ሳህኑ፣ ሙዳዩና ስፌቱ በግድግዳው ላይና በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩ ማስቀመጫዎች ይደረደራሉ። ቀዩ ከታች ብቻ በመሆኑ ክፍሉ አይጨልምም። አነስተኛ መስኮት ላለው ማዕድ ቤትም ይኸው ይበጃል፤ አራቱንም ግድግዳ በበርበሬ መልክ ከማጥቆር ይልቅ አንዱን ወይም የታችኛውን አጋማሽ ብቻ መቀባት።

ዕቃ፣ ኮርኒስና ኤሌክትሪክ

የዋንዛ ቡፌና ቁምሳጥን ቢወላልቅም ሊጠገን የሚችል እንጨት ነው። ባለቤቱ ለቆራሌው በርካሽ የሰጠውን ዕቃ ከወራት በኋላ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ተመሳሳዩን በብዙ እጥፍ የሚገዛበት ጊዜ አለ። ክፍት መደርደሪያ ለዓይን ቢያምርም ሰው በማይኖርበት ሳምንት አቧራና አይጥ ስለሚደፍረው፣ ለዕለት መጠቀሚያ በሩ በወንፊት ሽቦ የተሠራ አሮጌ ቁምሳጥን ይመረጣል። የመዳብ ድስት የውስጥ ቅቡ ከተላጠ ኮምጣጣ ምግብ አይበስልበትም፤ መጌጫ ሆኖ ይሰቀል።

በአንጻሩ የአቡጀዲ ኮርኒስ ከማዕድ ቤት መነሣት አለበት። ጨርቁ የዓመታት ጥላሸትና ብናኝ አዝሎ ከእሳት በላይ የተወጠረ ነው፤ በሳንቃ ቢተካ የቤቱ መልክ አይጎዳም።

የኤሌክትሪክ መስመሩም እንዲሁ። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ኃይል ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት መስመር 16 አምፒር ገደማ ማለት ነው። ለአንድ አምፖልና ለአንድ ራዲዮ ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ተሸክሞ በግድግዳው ውስጥ ይግላል፤ ከጭድና ከእንጨት በተሠራ ግድግዳ ውስጥ የጋለ ሽቦ ምን እንደሚያስከትል ግልጽ ነው። ለምጣዱ የራሱ ማቋረጫና የመሬት መስመር ያለው አዲስ ሽቦ ሊዘረጋ ይገባል። በማገዶ መጋገር የሚፈልግ ቤተሰብ ጢሱ ከቤት እንዲርቅ የውጭውን ኩሽና ጣራ ጠግኖ ጉልቻውን እዚያው ቢተወው ይሻላል።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር የሚከብድ በመሆኑ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ መስኮት ብቻ በቂ አይደለም፤ ከወለሉ አጠገብ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ከቤቱ ሲወጣም ሲሊንደሩ ራሱ ይዘጋል።

ሽቦው፣ የውኃ መስመሩና ልስኑ ተጠናቅቀው ቅቡ የመጨረሻው ሥራ ሲሆን፣ አንድ ነገር ባለቤቱን ያስደነግጠዋል። በኖራ የተበጠበጠ የአፈር ቀለም እርጥብ ሳለ ከታሰበው እጅግ ጠቁሮ ይታያል። በዚያን ሰዓት ኖራ እንዲጨመር ማዘዝ አያስፈልግም፤ አስቀድሞ በግድግዳው ጥግ ላይ ትንሽ ተቀብቶ ሲደርቅ የታየው መልክ ነው የሚቀረው። እሑድ ማታ የሸክላ ጭቃ መስሎ የተተወው ግድግዳ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ሲከፈት ወደ ማር መልክ ነጥቶ ይገኛል።