የየቲም ደስታ በምን ይጸናል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ደስታ ከአላህ (ሱ.ወ.) የሚገኝ ጸጋ ነው፤ ሆኖም ሰበቦች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2012 መውጣት የጀመረው የዓለም የደስታ ሪፖርት በአገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለማብራራት ከሚመለከታቸው ነጥቦች መካከል ገቢ፣ ጤና፣ ልግስና እና በችግር ጊዜ የሚደርስ ሰው መኖር ይገኙበታል። አባቱ የሞተበት ልጅ ገቢንም ደራሽንም በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የየቲም ድጋፍ ሁለቱንም መመለስ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ገቢ ነው። በነቀምቴ ዙሪያ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ከቡና ጋር የተሳሰረ ነው። ገንዘብ የሚገባው ቡና በሚለቀምበት ወራት ሲሆን፣ በክረምት ጎተራውም ኪሱም ይሳሳል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ይከተላል። ልግስናችን ግን በአመዛኙ በረመዳን ይበዛል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ወቅቶችን ይዞራል፤ ክረምት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የረመዳን ሶደቃ ምንዳው ታላቅ መሆኑ እንደተጠበቀ፣ የየቲም እናት የሐምሌን ቀለብ በዱቤ እንዳትወስድ፣ ልጇንም ከትምህርት ገበታ እንዳታስቀር የሚያደርጋት በየወሩ ሳይቋረጥ የሚደርሳት ጥቂት ብር ነው።

ሁለተኛው ወገን ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ሳይወለዱ አባታቸው፣ በ6 ዓመታቸው እናታቸው ሞቱባቸው። ያሳደጓቸው አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ፣ ቀጥሎም አጎታቸው አቡ ጧሊብ ነበሩ። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ያለው ጉዲፈቻም ልጅን ያለ ቤት ላለመተው የቆየ መልካም ባህል ነው። ኢስላም ደግሞ ልጁ በወላጅ አባቱ ስም እንዲጠራ፣ ንብረቱም እንዲጠበቅለት ያዛል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ የደረሰው ግጭትና መፈናቀል ብዙ ልጆችን ከዘመድና ከጎረቤት ስለለየ፣ ይህ አደራ ዛሬ ይበልጥ ከብዷል። እርዳታው ልጁን ከዘመዶቹ የሚነጥል ሳይሆን፣ የሚያሳድገውን ቤት የሚያቆም መሆን አለበት። በአደባባይ ማሰለፍም ሆዱን ሞልቶ ክብሩን ያጎድላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ገንዘባቸውን ለሌላ ሰው ያወጡ ሰዎች ለራሳቸው ካወጡት ይልቅ ደስተኞች መሆናቸውን አሳይቷል። ሶደቃ የሰጪውንም ልብ እንደሚያሰፋ ሙእሚን በኑሮው ያውቀዋል።

እንግዲህ እያንዳንዳችን የምንችለውን፣ ትንሽም ብትሆን፣ በየወሩ እንወስን። የቲም ያለበትን ቤትም በእግራችን ሄደን እንጠይቅ። አላህ ይቀበለን።