ፊልሞቻችንን ከመደርደሪያ አውርዶ ወልቂጤና ቡታጅራ ማድረስ

በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ማሳያ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም አወጣለት። ሰው ግድግዳ ላይ ሲንቀሳቀስ ማየት ለዘመኑ ተመልካች ከሰይጣን ሥራ በቀር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዛሬ ሰይጣኑ በየኪሳችን ነው። ወልቂጤ ሻይ ቤት የተቀመጠ ወይም ቡታጅራ መናኸሪያ አውቶቡስ የሚጠብቅ ወጣት በአንድ ቀን የሚያየውን ተንቀሳቃሽ ምስል ቆጥሮ አይዘልቀውም። ከዚህ ሁሉ ምስል መካከል ግን ከሃምሳና ከስልሳ ዓመት በፊት በገዛ አገሩ የተሠራው ፊልም የቱ ነው? ሲፈልግስ የት ሄዶ ያየዋል?

ይህ ጥያቄ የትዝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመብትና የንብረት ጉዳይም ነው። አንድ አገር የራሱን ምስል ዋና ከተማ ላይ ቆልፎ ከያዘው፣ የክፍለ ሀገሩ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ሌሎች የነገሩትን ብቻ ይሆናል።

ምን አለን?

የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም የሚባለው በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩም ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ተከተለ፤ ጭብጡም ደም መቃባትና ዕርቅ ነው። ከዚያ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» መጣ። ይህ ፊልም ንጉሡ ወርደው ደርግ ገና ሥልጣኑን ሳያደላድል፣ በዚያች ጠባብ ክፍተት፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን በሁለት ሳምንት ገደማ የተቀረጸ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተነሳ፣ 150 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ስለ ባላባትና ጭሰኛ የሚናገር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም ቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በካን ፌስቲቫል የክላሲክ ፊልሞች ክፍል እንደገና ታየ። በ1984 ዓ.ም. የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ተጨመረ።

ኃይሌ በአሜሪካ ተማሪ ሳለ የሠራቸው የሙከራ ፊልሞችም አሉ፤ «የተቃውሞ ልጅ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው እ.ኤ.አ. የ1972ቱ አጭር ፊልም አንዱ ነው። ቀጥ ያለ ታሪክ የማይተርክ፣ ሕልምንና እውነትን የሚያደባልቅ ሥራ ነው።

ፊልም ለምን ይሞታል?

ብዙ ሰው ፊልም አንድ ጊዜ ከተሠራ ለዘላለም የሚኖር ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር የተሠራ የ90 ደቂቃ ፊልም ርዝመቱ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ያ ሁሉ ጥቅል ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ይፈልጋል። ሙቀትና እርጥበት ካገኘው እየተበላሸ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል፤ ይኮማተራል፤ ማሳያ መሣሪያ ላይ ሲወጣም ይበጣጠሳል። ሽታው አንዴ ከጀመረ ማዘግየት እንጂ መመለስ አይቻልም። መድኃኒቱ ሳይዘገይ ወደ ዲጂታል መገልበጥና ዋናውን በብርድ ማኖር ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ በቪዲዮ ካሴት የተሠሩት ፊልሞቻችን ደግሞ የባሰባቸው ናቸው፤ የካሴት ዕድሜ ከሴሉሎይድም ያጠረ ነውና።

ፊልሙ የማን ነው?

እዚህ ላይ ሕግ የተማረ ሰው ሁለት ነገር መለየት ግዴታው ነው። አንደኛው በሥራው ላይ ያለ የቅጂ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልም ሥራን ኢኮኖሚያዊ መብት ለሃምሳ ዓመት ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲያልፍ ሥራው የሕዝብ ሀብት ይሆናል። ሁለተኛው የጥቅልሉ ባለቤትነት ነው። ጥቅልሉ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት በእጁ የያዘው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ ሲለያዩ ነው። የቅጂ መብቱ ያለቀ ፊልም እንኳ ጥቅልሉን የያዘው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት «አላሳይም» ካለ ሕዝቡ መብት አለው፣ ፊልም ግን የለውም። በተቃራኒው ቅጂው በእጁ ያለ ሰው የመብቱ ባለቤት ሳይፈቅድ ለሕዝብ ቢያሳይ ሕግ ይጥሳል። አምራቹ ድርጅት ከፈረሰ ወይም ወራሾቹ ከተበተኑ ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ የማንኛውም የፊልም ጉዞ የመጀመሪያ ሥራ ፕሮጀክተር መግዛት ሳይሆን ሰነድ መመርመር ነው፦ መብቱ ማን ዘንድ ነው? ጥቅልሉስ?

ፈቃድ ሲገኝም ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ጊዜ፣ በየትኞቹ ከተሞች፣ በምን ያህል ክፍያ እንደሚታይ፣ መቅዳት ክልክል መሆኑ፣ ከጉዞው በኋላ ቅጂው እንደሚመለስ መጻፍ አለበት። ባለቤቶች ቅጂያቸው ይሰረቃል ብለው ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። ለዚህም መፍትሔ አለ፤ ለሲኒማ የሚዘጋጀው ዲጂታል ቅጂ ተቆልፎ ሊላክ ይችላል፤ ቁልፉም በተወሰነ መሣሪያ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ማሳያው ጊዜ አጠረ ተብሎ ፊልሙን መቁረጥም አይገባም፤ የሥራው ክብር የደራሲው ሞራላዊ መብት ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። የኃይሌ ገሪማ አባት ተውኔት እየጻፉ በየገጠሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጅየውም እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ሲነሱት እንደ አባቱ ዞረ። ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ፣ በየከተማው የጥቁር ማኅበረሰብ አባላትን እያስተባበረ ፊልሙን ከከተማ ከተማ አዳረሰ። አከፋፋዮቹ ተመልካች የለውም ያሉት ፊልም ተመልካቹን አገኘ።

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የዩሲኤልኤ ፊልም ማኅደርም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኃይሌንና የጓደኞቹን የተማሪነት ዘመን ሥራዎች ሰብስቦ፣ የሚጠገነውን ጠግኖ፣ በተለያዩ ከተሞች እንዲዞሩ አድርጓል። ከነፃነት ትግሉ ዘመን የተረፉት የጊኒ ቢሳው ፊልሞች በርሊን ውስጥ ወደ ዲጂታል ከተገለበጡ በኋላ በተንቀሳቃሽ ሲኒማ አገራቸው ተመልሰው ታይተዋል። ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ደግሞ አራት አዛውንት የፊልም ሰዎች ኦምዱርማን ላይ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ያደረጉት ትግል እ.ኤ.አ. በ2019 ራሱን የቻለ ዘጋቢ ፊልም ሆኗል።

ለምን ወልቂጤና ቡታጅራ?

ወልቂጤ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ከአዲስ አበባ ይርቃሉ። ሁለቱም የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞሉም። ዋናው ምክንያት ግን ርቀቱ አይደለም።

የመጀመሪያው ምክንያት ተመልካቹ ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎና የቂጫ ሥርዓት የነፍስ ግድያን ጉዳይ በሽማግሌ ሲዳኝ የኖረ ነው፤ ጉማም ለዚያ ሕዝብ የፊልም ርዕስ ብቻ ሳይሆን የሚያውቀው የካሣ ስም ነው። «ጉማ» ወልቂጤ ላይ ቢታይ ከፊልሙ በኋላ የሚነሳውን ክርክር አስቡት! የሕግ ተማሪውና የጆካ ዳኛው አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚነጋገሩበት አጋጣሚ በየቀኑ አይገኝም። የጭሰኝነትን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶችም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ከማንኛውም የፌስቲቫል ዳኛ በተሻለ ሊመዝኑት ይችላሉ። እነዚህ ምስክሮች ግን እያለፉብን ነው። ፊልሙ ቢጠበቅ እንኳ ምስክሩ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። ለመስቀልና ለአረፋ የጉራጌ ልጅ ከያለበት አገሩ ይገባል። አያት፣ አባትና ልጅ አንድ ላይ በሚገኙባቸው በእነዚያ ሳምንታት አዳራሽ የሚሞላ ሰው ፍለጋ አያስጨንቅም።

ሦስተኛው የመተባበር ልምድ ነው። በ1950ዎቹ ከኪሱ አዋጥቶ፣ ማኅበር አቋቁሞ ወደ አገሩ መንገድ ያስቀደደ ሕዝብ ለአንድ ፕሮጀክተር ማዋጣት አያቅተውም።

የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፦ ጨለማ መሆን የሚችል አዳራሽ፣ ብርሃኑ ጠንካራ የሆነ ፕሮጀክተር፣ በአግባቡ የተወጠረ ነጭ አቡጀዲ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንና ተማሪዎች ውይይቱን ሊመሩ ይችላሉ። የግል ቪዲዮ ቤቶችም ከገቢው ድርሻ ቢያገኙ ሳምንት አንድ ምሽት የማይሰጡበት ምክንያት አይታየኝም። ውይይቱም ተመልካቹ በሚቀለው ቋንቋ፣ በጉራጊኛም ቢሆን፣ ይካሄድ።

«ኳስና ኮሜዲ የለመደ ወጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ጥቁርና ነጭ ፊልም አይቀመጥም» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው መሠረት የለውም አልልም። ለዚህም ነው ፊልም ብቻውን መላክ የሌለበት፤ የሚያስተዋውቀው ሰው፣ በመሐል የቡና ዕረፍት፣ በመጨረሻም የሚያወያይ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ተመልካቹ «አልወደድኩትም» ካለ ያ ፍርዱ ነው። ፍርድ ግን የሚሰጠው ጉዳዩን ላየ ሰው ነው፤ እስካሁን ያደረግነው ተመልካቹን በሌለበት መፍረድ ነው።

ስለዚህ ጥቅልሎቹን የያዙ ሁሉ፣ ወመዘክርም ይሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ወይም ግለሰብ፣ በእጃቸው ያለውን ዝርዝር ለሕዝብ ይግለጹ። ዝርዝር ማውጣት በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ዝርዝሩ ከወጣ መብቱን ማጣራት ይቻላል፤ መብቱ ከተጣራ ቅጂ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ቅጂው ከተዘጋጀ ወልቂጤና ቡታጅራ የግማሽ ቀን መንገድ ናቸው።