ሁለት ዘበኛ በአንድ በር፤ ጸረ ቫይረሶች ሲጣሉ ኪሳራው የማን ነው?

ኮምፒዩተር በታመመ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ጸረ ቫይረስ መጫን በንግድ ቤቶቻችን የተለመደ መድኃኒት ሆኗል። ከፍላሽ የመጣ ቫይረስ የሒሳብ ክፍሉን ፋይሎች ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ይተዋል፤ ነባሩ ጸረ ቫይረስ ሳያየው ያልፋል፤ ወዳጅ የመከረው ሌላ ፕሮግራም ይመጣና በላዩ ላይ ይጫናል። ስሌቱ ለነጋዴ ጆሮ ደስ ይላል። ሱቅን በአንድ ቁልፍ ከመዝጋት በሁለት መዝጋት ይሻላልና። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ለቁልፍ እንጂ ለጸረ ቫይረስ አይሠራም።

በምጣኔ ሀብት ትምህርት ተደጋጋፊና ተተኪ የሚባሉ ሸቀጦች አሉ። ሻይና ስኳር ተደጋጋፊ ናቸው፤ አንዱ ሲኖር የሌላው ጥቅም ይጨምራል። ሻይና ቡና ደግሞ ተተኪ ናቸው፤ አንዱን የጠጣ ሌላውን ይተዋል (ስፕሪስ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ)። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ነቅተው የሚጠብቁ ሁለት ጸረ ቫይረሶች ተተኪዎች ናቸው። ሁለቱንም የገዛ ሰው ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ ከፍሎ፣ በላዩ ላይ የኮምፒዩተሩን ፍጥነት ይገብራል።

ለመሆኑ ጠቡ ከምን ይመጣል? ጸረ ቫይረስ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው፣ ባዘዙት ጊዜ ተነሥቶ ዲስኩን ፈትሾ የሚተኛበት ነው። ሁለተኛው፣ ኮምፒዩተሩ ከበራበት ሰዓት ጀምሮ እስኪጠፋ ድረስ በር ላይ ቆሞ የሚከፈተውንና የሚጻፈውን ፋይል ሁሉ እያስቆመ የሚያይበት ነው። ጠብ ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የወሩን የተጨማሪ እሴት ታክስ ለማስታወቅ ፒችትሪን ከፈተች እንበል። አንደኛው ጸረ ቫይረስ ፋይሉን አስቁሞ ሊያነበው ይከፍተዋል። ሁለተኛው ይህንኑ መከፈት ያይና እርሱም ሊፈትሽ ይነሣል። አንዱ ንባብ ሁለት ሦስት ይሆናል፤ ፒችትሪ ደግሞ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ የሚነካ ፕሮግራም ነው። አንዳንዴም አንዱ የሌላውን መልስ ሲጠብቅ፣ ያኛውም ይህኛውን ሲጠብቅ፣ ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ። የኮምፒዩተር ልጆች ‹‹ስታክ አደረገ›› የሚሉት አንዱ መነሻው ይኸው ነው።

የባሰም አለ። አንደኛው የያዘውን ቫይረስ ወደ ማግለያው ሲያዛውር ሁለተኛው ‹‹ቫይረስ እየተጻፈ ነው›› ብሎ ይይዘዋል፤ ማስጠንቀቂያው ይደጋገማል፤ ፋይሉ ግን አልተነሣም። ሁለቱም የኢንተርኔት መስመር የሚፈትሹ ከሆነ ደግሞ የባንክዎ ድረ ገጽ ‹‹ይህ ግንኙነት አይታመንም›› የሚል መልእክት ሊያወጣ ይችላል። ይህን መልእክት ‹‹ምንም አይደል›› ብሎ ማለፍ የለመደ ሠራተኛ፣ እውነተኛው አጭበርባሪ የመጣ ዕለትም ማለፉ አይቀርም።

እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከዊንዶውስ ልብ፣ ከርነል ከሚባለው ክፍል ጋር ተጣብቀው ነው። እዚያ የተጣበቀ ነገር ሲሳሳት ምን እንደሚያስከትል ዓለም እ.ኤ.አ ጁላይ 19 ቀን 2024 አይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የላከው አንድ ስሕተት ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ጥሎ አየር መንገዶችንና ባንኮችን ከሥራ አስተጓጉሏል። ያ የሆነው በአንድ ፕሮግራም ነው። ሁለት የጫነ ሰው ለእንዲህ ያለው አደጋ ሁለት በር ከፍቷል ማለት ነው።

ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ማይክሮሶፍት የራሱን ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ ከዊንዶውስ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ሌላ ጸረ ቫይረስ ተጭኖ ራሱን ሲያስመዘግብ ዲፌንደር በራሱ ጊዜ ከበሩ ዞር ይላል። ስለዚህ አንድ የተገዛ ጸረ ቫይረስና ዲፌንደር በአብዛኛው አይጣሉም። የሚጣሉት በላዩ ላይ ሌላ ሲጨመር ነው። አዲስ ከተገዛው ኮምፒዩተር ጋር የመጣው የሙከራ ፕሮግራም፣ ከዚያ ወዳጅ የሰጠው፣ ከዚያ ደግሞ ክራክ ተደርጎ ከፍላሽ የተገለበጠው። (ክራክ የተደረገ ጸረ ቫይረስ መጫን፣ በእኔ አስተያየት፣ የካዝናን ቁልፍ ከማያውቁት ሰው ተቀብሎ እንደ መጠቀም ነው።)

ሰርቨር ያላቸው ድርጅቶች ግን እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ዲፌንደር እንዲህ በራሱ አይለቅም። የጋራ የሒሳብ መዝገብ የተቀመጠበት ሰርቨር ላይ ሌላ ጸረ ቫይረስ ከተጫነ፣ ዲፌንደርን ባለሙያው በእጁ ማጥፋት አለበት። ‹‹ኔትወርኩ ከበደ›› እየተባለ ገመድ ከመቀየር በፊት ይህን ማየት ይቀድማል።

ሁለተኛ ዓይን መፈለግ በራሱ ጥፋት የለበትም። አንድም ጸረ ቫይረስ ሁሉን አይይዝምና። መላው አንዱን በር ላይ አቁሞ ሌላውን እንደ ኦዲተር አልፎ አልፎ መጥራት ነው። የማልዌርባይትስ ነጻው ዓይነት ሲታዘዝ ብቻ የሚፈትሽ ነው። የማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነርም እንዲሁ ነው፤ ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ጊዜው ስለሚያልፍ ሁልጊዜ አዲስ ማውረድ ያስፈልጋል። አንድ ነጠላ ፋይል ያጠራጠረው ሰው ደግሞ ቫይረስቶታል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ ከ2012 ጀምሮ የጉግል የሆነው አገልግሎት አለለት። ፋይሉ ተልኮ በበርካታ ጸረ ቫይረሶች ይፈተሻል፤ በእርስዎ ኮምፒዩተር ላይ ግን አንዱም አይጫንም። ደላሎችና አስመጪዎች ልብ ይበሉ፤ እዚያ የተላከ ፋይል ሌሎች እጅ ሊገባ ስለሚችል የውል ሰነድ፣ የደንበኛ ዝርዝር ወይም የዋጋ ማቅረቢያ አይላክበትም።

የተደራረበውን ማንሣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የሚቀረውን አንዱን ይምረጡ። ሌሎቹን ከዊንዶውስ የፕሮግራም ዝርዝር አጥፍተው ኮምፒዩተሩን እንደገና ያስነሡ። ጠፋ የተባለው ፕሮግራም ርዝራዡን ከርነል ውስጥ ትቶ ሊሄድ ስለሚችል፣ ሠሪው ኩባንያ በድረ ገጹ የሚያቀርብ የማጽጃ ፕሮግራም ካለ እሱን መጨመር ይገባል። ከዚያ ‹‹ዊንዶውስ ሴኩሪቲ›› በሚለው ውስጥ ገብተው በሥራ ላይ ያለው ጸረ ቫይረስ ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ዘበኛው ነቅቶ እንደሆነ ለመፈተን ኢካር የተባለ 68 ፊደል ብቻ ያለው ምንም ጉዳት የሌለው የሙከራ ፋይል አለ። ሊያወርዱት ሲሞክሩ ጸረ ቫይረሱ ዝም ካለ ተኝቷል ማለት ነው። የዋና መሥሪያ ቤት ወይም የውጭ ሸሪክ ግዴታ ሆኖ ሁለቱም መቆየት ካለባቸው፣ የአንዱ የበር ጥበቃ ጠፍቶ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ፎልደር እንዳይነካ በማለፊያ ዝርዝሩ ውስጥ ይመዝገብ።

የቱንም ያህል ጸረ ቫይረስ ቢደረደር የማይደፈን ቀዳዳም አለ። እ.ኤ.አ በሜይ 2017 የተስፋፋው ዋናክራይ የገባው፣ ማይክሮሶፍት በማርች አውጥቶት የነበረውን መጠገኛ ባልጫኑ ማሽኖች ላይ ነበር። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አሁንም በእርሱ የሚሠራ ቢሮ ገንዘቡን ማውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

የሁለተኛው ፈቃድ ዋጋ ሌላ ምን ይገዛል? መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበት ውጫዊ ዲስክ መግዣ ይሆናል። የሒሳቡ መዝገብ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ይገልበጥበት። ገልብጠው ሲጨርሱ ግን ዲስኩን ይንቀሉት፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክም ይቆልፋል።